ከቤት ላንወጣ ተማምለን

የተማማልነው ዓርብ ማታ ነው። የ2018ቱ ጥምቀት ሰኞ እንደሚውል ባለቤቴ ያወቀችው ገና በኅዳር፣ ካላንደር ስታገላብጥ ነበር። ቅዳሜ ሥራ የለም፤ እሁድ ከተራ፤ ሰኞ ጥምቀት፤ ማክሰኞ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ፣ የሚካኤል ታቦት የሚገባበት። ማክሰኞ መሥሪያ ቤት አይዘጋም፤ እኛ ግን ሁለታችንም የአንድ ቀን ፈቃድ ሞልተን አስፈርመን መጣን። ድፍን አራት ቀን!

«ከቤት አንወጣም» አለችኝ።

«አንወጣም።»

«ማንም ቢጠራን?»

«ንጉሥም ቢጠራን።»

ዕቅዱ ቀላል ነበር። እሷ ሥራ እያመሸች ያመለጧትን የቱርክ ተከታታይ ድራማ ክፍሎች በድጋሚው ታያለች። እኔ ደግሞ ከጎኗ ተጋድሜ፣ ሁለተኛው ክፍል ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስደኛል። በትዳራችን የሥራ ክፍፍል መሠረት ቴሌቪዥን የማየት ኃላፊነት የሷ ነው፤ የኔ ድርሻ አልፎ አልፎ ነቅቼ «ይቺ ደግሞ ማናት?» ማለት ነው።

የምንኖረው ሩዋንዳ ነው። አገሩ ሳይሆን ሰፈሩ፤ ከኤምባሲው ስሙን የወሰደው፣ በወሎ ሰፈርና በቦሌ ሚካኤል መካከል ያለው። ይህንን ማብራራት ግድ የሆነብኝ በእናቴ ምክንያት ነው። ደብረ ብርሃን ናት። ቤት የቀየርን ሰሞን ደውላ «የት ገባችሁ ልጄ?» ስትለኝ «ሩዋንዳ» ብዬ፣ ታክሲ ውስጥ ስለነበርኩ ስልኩን ዘጋሁት። በሳምንቱ ዕድርተኛው በሙሉ ውጭ አገር መውጣቴን ሰምቶ፣ የጎረቤት ልጅ ደውሎ ቪዛው በስንት ጊዜ እንደሚወጣ ጠየቀኝ። በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ነገር አይገርምም። ከሩዋንዳ ተነስቶ ሜክሲኮ ታክሲ መቀየር፣ ጀርመን አደባባይ ሻይ መጠጣት፣ መሽቶ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ማደር ይቻላል። ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም። ረዳቱ የሚጠይቀው ዝርዝር ብር ነው።

ቤታችን የአንድ ትልቅ ቪላ ሰርቪስ ነው። ሁለት ክፍል፣ አንድ የፊት በረንዳ፣ ከበላያችን በየጥቂት ደቂቃው የሚያልፍ አውሮፕላን። ትልቁ ቤት ውስጥ አከራያችን ይኖራሉ፤ እትዬ ነው የምንላቸው። ደግ ናቸው፤ በኪራይ ጭማሪ እንኳ ሲያዝኑልን ነው የሚጨምሩብን። ከነደግነታቸው ታዲያ አንድ ችግር ነበረብን። ቴሌቪዥናችን የኛ አልነበረም። ማለቴ ዕቃው የኛ ነው፤ ሥዕሉ ግን የሳቸው። ስንገባ «ለዲሽ ምን አስወጣችሁ!» ብለው ከራሳቸው ሪሲቨር ጀርባ ኬብል አስጎትተው በመስኮታችን አስገቡልን። በመሆኑም እሳቸው ያዩትን እናያለን። ስብከት ሲያዩ ስብከት፣ ዜና ሲያዩ ዜና፣ በስብከቱ መሐል እንቅልፍ ሲያሸልባቸው እስከ ንጋት ስብከት። ባለቤቴ ድራማዋ ሲደርስ በረንዳ ላይ ቆማ በትልቁ ቤት መስኮት ትመለከትና፣ እትዬ ሪሞቱን ያነሡ እንደሆነ በተስፋ ትመለሳለች።

ሰው ያሳየንን ማየት ለኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ ጣቢያው አንድ ነበር፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም አንድ ሆኖ ኖረ። በ1977 ዓ.ም. ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ቀለም ሲገባበት እንኳ ቀለሙ እንጂ ምርጫው አልጨመረም። እኔ በልጅነቴ አባባ ተስፋዬን ያየሁት በጎረቤት ሳሎን፣ በር ሥር ካለው ምንጣፍ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ባለቤቱ «ይብቃችሁ» ብሎ ሲያጠፋው ማንም ትንፍሽ አይልም። ስለዚህ የእትዬን አገዛዝ እኔ ችዬው ነበር። ባለቤቴ ግን በ2008 ዓ.ም. ቃና ሥርጭት ሲጀምር ጀምሮ ቱርኮች በአማርኛ ሲጣሉና ሲታረቁ እየሰማች የኖረች ሰው ናት። እትዬ ደግሞ በከተራ፣ በጥምቀትና በሚካኤል ሪሞት እንደማያስነኩ የታወቀ ነው።

«የራሳችን ሪሲቨር ያስፈልገናል» አለች ቅዳሜ ጠዋት፤ ገና ቁርስ አልበላንም።

«ከቤት አንወጣም አላልንም?»

«አንተ ብቻ ነህ የምትወጣው። ለጥምቀት ያልሆነ ሪሲቨር ይበጣጠስ!»

መገናኛ ሄድኩ። ብጣሽ ወረቀት ይዣለሁ፦ ሪሲቨር፣ የዲሽ ዓይን (ባለ ሁለት መውጫ)፣ ፈንዲሻ፣ ሎሚ። የበዓል ዋዜማ መገናኛ ሰው ሰውን ተሸክሞ የሚሄድበት ቦታ ነው። በግ የጎተተ፣ ቄጠማ የታቀፈ፣ የአገር ልብስ በላስቲክ አንጠልጥሎ ከጭንቅላቱ በላይ የያዘ። ሪሲቨሩን ገዛሁ። ዓይኑንም ገዛሁ። ፈንዲሻውንም። ሎሚው ጋ ስደርስ ትንሽ ፈዘዝኩ።

ከባለቤቴ ጋር የተዋወቅነው በሎሚ ነው። ጃን ሜዳ፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት። በደጉ ዘመን ጎረምሳ የወደዳትን ልጅ ደረቷን በሎሚ ይመታ ነበር ሲሉ ሰምቼ፣ ጓደኞቼ ገፋፍተውኝ፣ አንዲት አረንጓዴ ጥለት የለበሰች ልጅ ላይ አነጣጥሬ ወረወርኩ። ሎሚው አጠገቧ የቆመውን ወንድሟን ጆሮው ላይ አገኘው። እሱ ሊደበድበኝ ሲመጣ እሷ ሳቀች፤ ሳቋን ሳይ መሮጥ ረሳሁ። እሱን ነገር ሌላ ቀን እናገረዋለሁ። አሁን ለማለት የፈለግኩት፣ ሎሚ እየመረጥኩ ይህን ሳስብ ቆይቼ ቤት ስገባ፣ ባለቤቴ ሎሚውን ተቀብላ «ለሰላጣው ነው» ብላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ወረወረችውና የዲሹን ዓይን አገላብጣ ማየቷን ነው።

«ስንት ቀዳዳ አለው?»

ቆጠርኩ። መቁጠር ባያስፈልግም ቆጠርኩ። አንድ ነው።

መገናኛ ሁለተኛ ጉዞ። ሻጩ ሳይከፋ ቀየረልኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነበርና ለታክሲ የከፈልኩትን ማንንም ልጠይቅ አልቻልኩም። ስመለስ ዲሽ የሚሠራው ልጅ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጠበቀኝ፤ ጆሮው ላይ ሲጋራ፣ ኪሱ ውስጥ ቁልፍ ቁጥር አሥር።

ላላየው ሰው የአዲስ አበባ ጣሪያ የራሱ ታሪክ አለው። ቀድሞ ሁሉም ዲሽ ናይልሳትን ሲያይ ፊቱ ወደ ምዕራብ ነበር። በኋላ የኛ ጣቢያዎች ኢትዮሳት ወደሚባለው፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ሳተላይት ሲዛወሩ ከተማው ሙሉ አንገቱን አዞረ። የኛም ዲሽ ዞሮ አሁን ወደ ኤርፖርቱ አቅጣጫ አንጋጥጧል፤ ከሩቅ ሲያዩት ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው። ልጁ አሮጌውን ዓይን ፈትቶ አዲሱን ሲያስር ዲሹ በአንድ ጣት ስፋት ተነቃነቀ። ሁለቱም ቤት ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰንሰለት እንዲህ ነበር። ልጁ ከጣሪያ «መጣ?» ይላል። እኔ ግቢው መሐል ቆሜ ወደ ሰርቪሱ «መጣ?» እላለሁ። ባለቤቴ «አልመጣም!» ትላለች። ወደ ትልቁ ቤት ዞሬ «እትዬ፣ መጣ?» እላለሁ።

«ማን ልጄ?»

«ሥዕሉ!»

«የማን ሥዕል?»

በዚህ መሐል አውሮፕላን ያልፋል። ልጁ የሚለው አይሰማኝም፤ እኔ የምለው ባለቤቴ አትሰማም፤ ሁላችንም እንዳለን ቀጥ ብለን አውሮፕላኑ እስኪሄድ እንጠብቃለን። አንድ ጊዜ ኳሊቲው ሰባ ደርሶ ባለቤቴ «መጣ! መጣ! እንዳትነካው!» ብላ ስትጮህ እትዬ ታቦት በበራቸው የመጣ መስሏቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ብቅ አሉ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ለሁለታችንም ቤት ገባ። ልጁ የተጠየቀውን ተቀብሎ፣ ሲጋራውን ከጆሮው አውርዶ ሄደ።

እሁድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የዘመናችን መጀመሪያ ነበር። ሪሞቱ በእጃችን። ጸሙ ገሃድ ስለሆነ በሽሮና በቲማቲም ቁርጥ ተቀምጠን አንደኛውን ክፍል ጨረስን፤ ሁለተኛው ተጀመረ፤ እኔ ጋደም አልኩ፤ ዓይኔ ሊከደን ሲል ቤቱ ድርግም አለ። ትልቁ ቤት ግን ስብከቱ ይሰማል።

ባለቤቴ ምንም አላለችም። ረቡዕ ዕለት «የቆጣሪውን ካርድ ሙላ» ብላኝ ነበር። ሐሙስም። ዓርብ ሲማማሉ ማን ካርድ ያስታውሳል? ተነሥታ ካርዱን ከማቀዝቀዣው ላይ አንሥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው፤ እንዲህ ያለውን ዝምታ ያገባ ያውቀዋል። የሚሞላበትን ቦታ ቅርብ ነው ብዬ በነጠላ ጫማ ወጣሁ።

ቢሮው ዝግ ነው። ጥበቃው «በዓል አይደለም እንዴ ወንድሜ?» አለኝ፤ የሚጠይቀኝ እንጂ የሚነግረኝ አይመስልም። በቦሌ ሚካኤል በኩል አንድ ቦታ ምናልባት ክፍት ይሆናል አለኝ። ተሻገርኩ። እዚያ ሲደርሱ ሽታው ይለወጣል፤ የሶማሌ ምግብ ቤቶቹ ሩዝ በሥጋ ያወጣሉ፣ ቅመም የገባበት ሻይ በወተት ይፈላል። ገሃድ ነው፤ ትንፋሼን ይዤ አለፍኩ። ምናልባት የተባለውም ቦታ ዝግ ነው። ስመለስ መንገዱ ተዘግቷል፤ ታቦቱ ወጥቷል።

ወደ ግራ ገመድ፣ ወደ ቀኝ ገመድ። አስፓልቱ ታጥቦ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ልጆች ቀዩን ምንጣፍ ከታቦቱ ፊት ያነጥፉታል፤ ታቦቱ አልፎት ሲሄድ ከኋላ ጠቅልለው በሩጫ ወደ ፊት ያመጡትና እንደገና ይዘረጋል። አንዱ ጠቅላይ ትንፋሽ አጥሮት ቆም ሲል ዞር ብሎ የሚያየው ሰው እኔ ሆንኩ። «አባት፣ ያዝ!» አለኝ። አባት መባሌ ትንሽ ቢከነክነኝም ያዝኩ። አንድ ጥቅልል የተረገጠ፣ የረጠበ ምንጣፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ያልያዘው አያውቅም፤ ትከሻ ላይ እንደ ሰው ነው የሚተኛው። ምንጣፉን በጫማ አይረግጡትምና ነጠላ ጫማዬን አውልቄ አንዲት የአበባ መደብ ጥግ አስቀመጥኩ። ለሁለት ዙር ብዬ ነበር። ዲያቆናቱ ጥላ ይዘው፣ ከበሮው እየቀረበ፣ ልጆቹ «ቶሎ! ቶሎ!» እያሉ ስንት ዙር እንደሮጥኩ አላውቅም።

ስልኬ ጮኸ። ትከሻዬ ላይ ምንጣፍ፣ በአንድ እጄ ስልክ።

«ሞላኸው?»

«ምንጣፍ ይዣለሁ።»

«ምን?»

«ምንጣፍ! መጣሁ!»

ከዚያ በኋላ ያለውን ጸጥታ ከእልልታው ሁሉ በላይ ሰማሁት።

ጫማዬን ካስቀመጥኩበት አላገኘሁትም። የወሰደው ሰው ከኔ ይበልጥ ቢያስፈልገው ነው። በባዶ እግሬ፣ ያልተሞላ ካርድ በኪሴ፣ ልብሴ በአቧራና በቄጠማ ተለውሶ ግቢ ስገባ እትዬ በር ላይ ቆመዋል። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ዓይናቸው እግሬ ላይ ቆየ።

«ስለት ነው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አይደለም ማለት ነበረብኝ። ጫማዬ ጠፍቶ ነው፣ የመብራት ካርድ ልሞላ ሄጄ ነው ማለት ነበረብኝ። አንገቴን ደፋሁ። አንገት መድፋት ውሸት ይሁን አይሁን እስካሁን አልወሰንኩም። እትዬ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ «እኔኮ ቴሌቪዥን ላይ ተጥደው የሚውሉ ነበር የመሰለኝ» ብለው ገቡና ወዲያው ረጅም ኤክስቴንሽን ይዘው ወጡ። በመስኮታቸው አውጥተው በመስኮታችን አስገቡልን። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ፦ ቴሌቪዥንና አንድ አምፖል እንጂ ምጣድ እንዳንሰካ። ባለቤቴ ገመዱን ስታይ፣ ኬብሉ የገባበት ያው መስኮት መሆኑን አይታ ሳቀች፤ ያንን የጃን ሜዳውን ሳቅ።

ሰኞን ባልፈው ይሻላል። ዘጠኝ ዘመድ መጣ። አዲስ ሪሲቨር ማስገባታችንን ከየት እንደሰሙ አልገባኝም። የጃን ሜዳውን ሥርጭት አዩ፣ ጸበል ሲረጭ እኛ ሳሎን ውስጥ ሆነው አማተቡ፣ ፈንዲሻው አለቀ፣ ለሰላጣ የተቀመጠውን ሎሚ አንዱ የአጎቴ ልጅ ይዞት ወጣ። የት እንደሚሄድ ጠርጥሬያለሁ፤ ጆሮ እንዲያይ ብቻ መከርኩት።

ማክሰኞ ጠዋት የቀሩን ሦስት ክፍሎች ነበሩ። እትዬ ቡና ይዘው ሲመጡ ባለቤቴ «ዛሬ ቃናን ሳልጨርስ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለቻቸው።

«ተባረኪ ልጄ» አሉ፤ «ቃና ዘገሊላን የሚያስብ ወጣት ዛሬ የት ይገኛል።»

ባለቤቴ ወደኔ ዞረች። እኔ ወደ ስኒው።

የመጨረሻው ክፍል ላይ ደረስን። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የልጁ አባት ማን እንደሆነ አርባ ክፍል ሙሉ ተደብቋል። ሐኪሙ ያውቃል፤ አያቲቱ ታውቃለች፤ እኔም ነቅቼ ባየኋቸው ክፍሎች መሠረት ሹፌሩን ጠርጥሬያለሁ። እናትየዋ አልጋ ላይ ሆና ልጁን እጁን ያዘችው። ሙዚቃው ቆመ። «አባትህ…» አለችው። ባለቤቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

ድርግም።

እትዬ በር ላይ ናቸው፤ ነጠላ አጣፍተው፣ ጃንጥላ ይዘው። ከቤት ሲወጡ የተሰካ ነገር ሁሉ ነቅለው ነው የሚወጡት፤ የኛም ኤክስቴንሽን ከተነቀሉት አንዱ ነው።

«ሚካኤል እየመጣ ነው፤ ከበሮው አይሰማችሁም? ተነሱ!»

ከበሮው እውነትም ይሰማል። «እትዬ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ» ማለት እንዴት ይቻላል? ለሳቸው ስለተኛ ሰው ነኝ። ተነሣን። በር ላይ ስደርስ ጫማዬን አዩት። ምንም አላሉም፤ ብቻ አዩት። አወለቅኩ።

መንገዱ ጢም ብሏል። ታቦቱ መታጠፊያው ላይ ደርሶ ካህናቱ ወረብ ጀምረዋል፤ ሕዝቡ ባለበት ቆሟል፤ አስፓልቱ በጥር ፀሐይ ግሎ እግሬን ያቃጥለኛል። ባለቤቴ እያማተበች ነው፤ እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ፣ ፊቷ ላይ ያለው ጸሎት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አጠገባችን የማዕዘኑ ሱቅ ባለቤት ቆማለች፤ ከሱቋ ጥግ ትንሽ ቴሌቪዥን ያላት፣ ድራማው መጀመሪያ ሲተላለፍ አንድም ክፍል ያላመለጣት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልልታዋን ታቀልጠዋለች።

ባለቤቴ ጠጋ አለቻት። ከበሮው ትንሽ ዝግ እስኪል ጠበቀች።

«አንቺዬ፣ የልጁ አባት ማነው?»

ሴትየዋ እልልታዋን አቋርጣ፣ እጇን ከአፏ ሳታወርድ ወደ ጆሮዋ ዘንበል አለች።

«አጎትየው ነው» አለቻትና ካቆመችበት ቀጠለች።